በሰኔ የሚሸለም ተማሪ በጥቅምት ይመዘገባል

ምረቃ ሲቃረብ የወርቅ ሜዳሊያው ለማን እንደሚሰጥ የሚጨነቅ የለም። ሪጅስትራር ውጤት ያወጣል፣ የአንደኛውን ስም ይልካል፣ አለቀ። ጭንቁ የሚመጣው ከሜዳሊያው ቀጥላ ባለችው መስመር ላይ ነው፦ «በአመራርና በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የላቀ አስተዋፅኦ ያደረጉ ተማሪዎች»። ለዚህኛው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አይወጣለትም። ስለዚህ ብዙ ግቢ ውስጥ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ አንድ ሰው የተማሪዎች ኅብረቱን ሥራ አስፈጻሚዎች ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ ወደ ታች ይዘረዝርና ማኅተም ያስመታል።

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የክበባት ወረቀት የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ ነው። ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሉኛል፣ የተቸገሩ ለት ደግሞ «ማዘር»። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ የሽልማቱ ሥራ ለተጣለባችሁ ባልደረቦቼ ነው። ሥራው መቼም ለቢሮው አዲስ ሰው ነው የሚሰጠው፤ አይዟችሁ።

በጥቅምት አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ግዙ። ኮምፒውተር አልጠላም፤ ግን ሠራተኛ ሲዛወር ፋይሉም አብሮት ይዛወራል። መዝገቡን በአራት ዓምድ አስምሩት፦ ቀን፣ ማን፣ ምን ሠራ፣ ማን አየ። አራተኛዋ ዓምድ ባዶ ከሆነች አትመዝግቡ። ሰኔ ላይ ክርክር ሲነሳ የምታድናችሁ እሷ ናት።

የመጀመሪያው ገጽ የሚሞላው አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁሙ። ባጅ አንጠልጥሎ ባነሩ ሥር ፎቶ የሚነሳ አለ፤ ከሩቅ አገር የመጣችውን ልጅ ሻንጣ ተሸክሞ እስከ ሴቶች ዶርም በር አድርሶ፣ ለሚቀጥለው አውቶቡስ እየሮጠ የሚመለስም አለ። ኅብረቱ በሚልክላችሁ ዝርዝር ላይ ሁለቱም «የአቀባበል ኮሚቴ አባል» ናቸው። አምሽቶ የሚገባውን አውቶቡስ ማን እንደጠበቀ ግን ዝርዝሩ አይነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ግቢውን መዞር ነው። ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የጥቆማ ቅጽ መበተን ብቻውን አይበቃም፤ መምህር የሚያውቀው ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣውን ነው። የተማሪን ጠባይ የሚያውቁት ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ የካፌ ሠራተኞች፣ የበር ጥበቃዎች፣ የክሊኒኩ ነርሶችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። አጠያየቁ ዘዴ ይፈልጋል። «ጎበዝ ተማሪ ማን ነው?» ካላችሁ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ማንም ሰው ማስቀየም አይፈልግም። ፕሮክተሩን «ጋሼ፣ ሌሊት ተማሪ ቢታመም ማንን ነው የሚቀሰቅሱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያመነቱ ስም ይጠራሉ። ነርሷን «አልጋ ከያዘ ተማሪ ጋር ማን ያድራል?» በሏት። የካፌውን ኃላፊ ደግሞ ወጡ ቀጠነ ተብሎ ጫጫታ ሲነሳ ተማሪውን አረጋግቶ፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ቢሮ ድረስ ያመጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሁለትና ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ስም ከጠሩላችሁ ሥራችሁ ተቃለለ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው የዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ምስክርነት ነው። ሀንድአውት በብሬል አይመጣም። ስካን ተደርጎ በፎቶ መልክ የተላከውን ደግሞ ስልካቸው ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም አያነበውም። ስለዚህ አንድ ፈቃደኛ ተማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ወይም ድምፁን ቀድቶ ይሰጣል፤ ፈተና ሲደርስም የሚነግሩትን መልስ የሚጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ የሚመጣው አንባቢው ራሱ ለፈተና እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን ነው። ጥቅምት ላይ «አነባለሁ» ብሎ የሚመዘገበው ብዙ ነው፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚገኘው ጥቂት። በመጨረሻው ፈተና ማግስት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ማን አነበበላችሁ? እመጣለሁ ብሎ የቀረስ አለ? በሁለተኛው ጥያቄ ይስቃሉ። ለመጀመሪያው የሚሰጡት መልስ ግን ቀን፣ ሰዓትና የኮርስ ስም ያለው ነው። የትኛውም የትምህርት ክፍል ኃላፊ እንዲህ ያለ ማስረጃ ጽፎ ልኮልኝ አያውቅም።

የደም ልገሳው ቀላል ነው። ደም ባንክ ግቢ ሲመጣ ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ በየሦስት ወሩ ተመልሶ የሚሰጠውን ካርዱ ራሱ ይናገራል። ክብደቷ አልሞላ ብሎ የተመለሰችና ቀኑን ሙሉ ወረፋ ስታስይዝ የዋለች ልጅም መዝገብ ትግባ።

አሁን የሚያጨቃጭቀውን ላንሳ። ለማርክ የተሠራ ሥራ አገልግሎት ነው ወይ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልከው ነበር፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነው የሄደው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪውን ወደ ገጠር ያዘመተው የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ግን ግዴታ ነበሩ። ዛሬም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ኮርስ ሆኖ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የጤና ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወርደው የሚሠሩት የትምህርታቸው አካል ሆኖ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ብዙ ጊዜ ከኮርስ ጋር የተያያዙ ናቸው። የእኔ ሚዛን ይሄ ነው፦ ማርኩ እስከተሰጠበት ቀን ያለው ትምህርት ነው፤ ማርኩ ከተለጠፈ በኋላ የቀጠለው አገልግሎት ነው። ኮርሱ አልቆ ለእስረኛ ቤተሰብ አቤቱታ መጻፉን ያላቆመው የሕግ ተማሪ በመዝገባችሁ ይስፈር። ለሬሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ተማሪዎች ሒሳብ የሚያስጠናውም እንዲሁ፤ አበል ተከፍሎት ከሆነ ግን ምስጋናው በአበሉ ተከፍሏል።

አመራርን መመዘን ከዚህ ይከብዳል፤ ማዕረግ ዓይን ይጋርዳላ። የኅብረት ፕሬዚዳንት መሆን በራሱ አያሸልም፣ አያስነቅፍምም። ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ ቃለ ጉባኤ፣ የገንዘብ ሪፖርት ከነደረሰኙ፣ የንብረት ርክክብ። የበጎ አድራጎት ክበብ በየዶርሙ ልብስና ሳንቲም ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው የት እንደደረሰ በወረቀት ማሳየት የቻለ ሊቀመንበር አመራር ያውቃል። ቀጥሎ የሚታየው ተተኪ ነው። ብዙ ክበብ ከጂሲ (ከተመራቂው ክፍል) ጋር አብሮ ይመረቃል፤ መስከረም ላይ ቁልፉ እንኳ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። የሁለተኛ ዓመት ልጆችን አሠልጥኖ፣ ስብሰባውን እነሱ እንዲመሩት ወንበሩን ለቆ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካገኛችሁ፣ ንግግር ባይችልም አስቀድሙት።

ስለ ሴት ተማሪዎች በተጻፈ ጥቆማ ላይ «ታግዛለች» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ጸሐፊ ወይም ምክትል ተብላ የተመዘገበችውን ልጅ የእጅ ጽሑፍ ከደብዳቤዎቹና ከቃለ ጉባኤዎቹ ጋር አስተያዩ። ዓመቱን ሙሉ ክበቡን የመራችው እሷ ሆና ልታገኟት ትችላላችሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ይበቃዋል። አንዱ ከፕሮክተሮች ይሁን፤ አንዷ ከሥርዓተ ፆታ ቢሮ፤ የተማሪ ተወካዩ ደግሞ ራሱ ያልተጠቆመ ይሁን። ስሞቹን ከኮሚቴው ፊት ከማቅረባችሁ በፊት በቁጥር ተኩ። በእኛ አገር ስም ብቻውን ከየት እንደመጣህና የት እንደምትጸልይ ይናገራል፤ ኮሚቴውም ሳይታወቀው «ከየክልሉ አንድ አንድ» ማካፈል ይጀምራል። ተማሪ ቁጥር 14 እና ተማሪ ቁጥር 22 ሲሆኑ ግን የሚቀረው ሥራቸው ነው። ስሙ የሚገለጠው ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ በኋላ ይሁን። የውጤቱን ወለል ከ2.00 ከፍ አታድርጉት፤ ለከፍተኛ ውጤትማ ሜዳሊያው አለ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዘንድ ያለውን ፋይል ግን ሳታዩ አትለፉ። ዝርዝሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ለአምስት የሥራ ቀናት ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ቅሬታ የሚመጣ ከሆነ መድረክ ላይ ከመፈንዳቱ በፊት ቢሮ ይምጣ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግዥ ክፍል ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ፊቱን ያዞራል። የዋንጫና የሰርተፍኬት ጥያቄያችሁን ሚያዝያ ሳይወጣ አስገቡ፣ ፕሮፎርማውን (የነጋዴዎቹን የዋጋ ማቅረቢያ) ቀድማችሁ ሰብስቡ። ገንዘብ ካነሰ ዋንጫውን ተዉት። ዋንጫ ቤተሰብ ቤት ቡፌ ላይ ያምራል፤ ሥራ የሚያስቀጥረውና ስኮላርሺፕ የሚያስገኘው ግን ደብዳቤው ነው።

ደብዳቤው ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ ምስጋናችንን እናቀርባለን» የሚለው ለማንም ይሆናል፣ ስለዚህ ለማንም አይጠቅምም። በዚህ ፈንታ እንዲህ ጻፉ፦ «ተማሪዋ በትምህርት ዘመኑ ሁለቱም ሴሚስተሮች ለሁለት ዓይነ ስውራን የሕግ ተማሪዎች የንባብ አገልግሎት ሰጥታለች፤ የአንባቢዎችን ተራ የሚያሳይ ፕሮግራም አውጥታ ስድስት አዲስ አንባቢዎችን አለማምዳለች፤ ሥራውንም በጽሑፍ ለተተኪዋ አስረክባለች።» ቀጣሪው ይህን ካነበበ የሚጠይቃት ነገር ያገኛል። ስሟ እስከ አያት ድረስ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሪጅስትራር ዘንድ ባለው አጻጻፍ ይሁን፤ ከዲግሪው ጋር አንድ ፊደል የተለያየ ደብዳቤ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ጣጣ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም። አንዱ ቅጂ ለተማሪዋ፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሏ፣ አንዱ ወደ ማኅደሯ።

መርሐ ግብሩን ከምረቃው ቀን ጋር አትደርቡት። ያን ቀን እልልታውና ጥሩምባው የማንንም ስም አያሰማም። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ማጠቃለያ ፈተና ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ከሰዓት በትንሽ አዳራሽ ይበቃል። የክብር እንግዳ ንግግር አሳጥራችሁ በየተሸላሚው የተሠራውን አንብቡ። መዝገቡ አራተኛ ዓምድ ላይ ያሉትን ሰዎች፣ ፕሮክተሩንም የካፌዋንም እናት ጥሩ፤ ቢቻል ሰርተፍኬቱን እነሱ ያስረክቡ።

ከጥሪው በፊት ግን ተሸላሚውን ለብቻው ጠይቁት። ለተቸገሩ የዶርም ጓደኞቹ ሳሙናና ደብተር በስውር የሚገዛ ልጅ መድረክ ላይ ቢነገርለት፣ የሚያፍሩት ተቀባዮቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን በደብዳቤ ብቻ አመስግኑ፤ የተረጂዎቹን ስምም ፎቶም የትም አታውጡ። «አልፈልግም» ካለም ይከበርለት፤ ለምነው መድረክ ላይ የሚያወጡ አለቆች አሉ፣ አትስሟቸው።

መዝገቡ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ለሽልማት ላልደረሱትም ከአንድ ገጽ ያልበለጠች የምስጋና ደብዳቤ አውጡ፤ እሷም የሠሩትን በስም ትጥራ። በትምህርት ክፍል በኩል የተላከች እንደሆነ አትደርስም። ክሊራንስ (ከግቢው ንብረት ነፃ መሆናቸውን የሚያሳየውን ቅጽ) ሊያስፈርሙ ወደ እናንተ መምጣታቸው አይቀርምና ያን ዕለት ከመሳቢያ አውጥታችሁ በእጃቸው ስጧቸው።