የለጋ ፈረስ አመል ወይስ ሕመም፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በአዲስ አበባ መካከል፣ ጃንሆይ ሜዳም ይሁን ባልደራስ አካባቢ፣ ለጋ ፈረስ የሚገራ ሰው ነገር ሲበላሽበት ቶሎ የሚናገረው «አመለኛ ነው» የሚለውን ቃል ነው። ይህ ቃል ምርመራው ሳይጀመር ስለሚዘጋው አልወደውም። ክላሲካል በሚባለው የግልቢያ ሥርዓት ፈረስ የሚገራው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ የአረማመዱ ምት ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ሰውነቱ ይፍታታል፣ ከዚያም በልጓሙ በኩል ከጋላቢው እጅ ጋር ይግባባል፤ ብርታት ያለው እርምጃ፣ ቀጥ ብሎ መሄድና ክብደትን ወደ ኋላ እግሮች መሰብሰብ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ችግር ሲታይ መጀመሪያ የሚያመው ነገር መኖሩ፣ ቀጥሎም የተዘለለው ደረጃ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል።

ራሱን ይወዘውዛል፣ አፉን ይከፍታል፣ ልጓሙን ይሸሻል

እዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥርስ ነው። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የመንጋጋ የወተት ጥርሶቹም የሚወልቁት በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው፤ እኛም ብረት አፉ ውስጥ የምንጨምረው ድዱ በሚታመምበት በዚሁ ዕድሜ ነው። በአንዳንድ ፈረሶች ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት አንዲት ትንሽ ጥርስ ትበቅላለች፤ ልጓሙ በነካት ቁጥር ልታመው ትችላለች።

ለመለየት ልጓሙን አውልቆ ፈረሱን በራስ ማሰሪያ ብቻ በረጅም ገመድ ማዞር ይበቃል። ያለ ልጓምም ከወዘወዘ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ አፉና ጆሮው ይታይ። ያለ ልጓም ጸጥ ካለ ግን ጥፋቱ የልጓሙ ወይም የእጃችን ነው። በአገራችን የኖረው፣ የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚከበው ልጓም፣ የሚጋልብን ፈረስ በአንድ እጅ በቅጽበት ለማቆም የሚያስችል ብርቱ መሣሪያ በመሆኑ ለለጋ አፍ አይሆንም። በምትኩ መሐሉ የሚታጠፍ፣ ወፈር ያለ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቀለበት ያለው ቀላል ልጓም ይደረግለት፤ በአፍንጫው ላይ የሚያልፈው ጠፍርም ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን።

የእጅን ጥፋት ለመያዝ ደግሞ አረማመዱን መመልከት ይጠቅማል። ፈረስ በእርምጃና በደንገላሳ (እየዘለለ በሚሮጥበት አካሄድ) አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ በሶምሶማ (በቀላል ሩጫ) ግን ራሱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። በሶምሶማ ጸጥ ብሎ በእርምጃ ጊዜ ብቻ ልጓሙን የሚታገል ፈረስ፣ ከሞላ ጎደል አንገቱን ያልተከተለ እጅ እንዳለበት እየተናገረ ነው። ጋላቢው ክርኑን ይፍታ።

በአንድ ወገን ይታጠፋል፣ በሌላው ይደርቃል

ፈረስም እንደ ሰው ቀኝና ግራው እኩል አይደለም። በአንዱ ዙር ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጥላል፣ በሌላው አንገቱን አጥፎ ትከሻውን ወደ ውጭ ያስመልጣል፣ ደንገላሳ ሲጠየቅም ሁልጊዜ በአንዱ እግር መርቶ ይነሳል። ይህን ተፈጥሮ የምናባብሰው እኛው ነን፤ የምንጎትተው፣ የምንጭነውና የምንወጣው ሁሌም ከግራው ነውና።

ሆኖም ማዞሩ ከመጀመሩ በፊት ጀርባው ይታይ። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲነሳ ጀርባው በላብ ርሶ አንዲት ቦታ ብቻ ደርቃ ከተገኘች፣ ብዙውን ጊዜ ኮርቻው የሚጫነው እዚያ ላይ ነው። የፈረስ የአከርካሪ አጥንቶች እድገታቸውን የሚጨርሱት ወደ 6 ዓመት ሲጠጋ በመሆኑ፣ የ3 ወይም የ4 ዓመት ፈረስ ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ራሱ ጀርባውን ሊያደርቀው ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ጀርባው ጤነኛ ከሆነ መፍትሔው 20 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ማዞር ነው። ጠባብ ክብ መገጣጠሚያን ይጎዳል፣ በክረምት ጭቃ ላይም ያንሸራትታል። በሚቀለው ወገን ይጀመር፣ ወደሚከብደው ለአጭር ጊዜ ይዞር፣ ይህም ቶሎ ቶሎ ይደጋገም። በ18ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የተቀመረው፣ ትከሻን ወደ ውስጥ አድርጎ በግድግዳ ጥግ የማስኬድ ልምምድ የሚጨመረው ክቡ ያለ ትግል ሲሞላ ነው።

ሶምሶማው ይጣደፋል

አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ ጠፍቶበት ነው፤ የሚሮጠው ላለመውደቅ ነው። ዛብ (ጋላቢው በእጁ የሚይዘውን የልጓም ጠፍር) መሳብ የሚደገፍበት ነገር ስለሚሰጠው ይብስበታል። ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ በየጥቂት ሜትሩ ማለዋወጥ ይሻላል።

በድምፅ ይበረግጋል

የሚኒባስ ጡሩምባና የድምፅ ማጉያ በሞላበት ከተማ ይህ አይገርምም። የረጋ አሮጌ ፈረስ ጎን ለጎን ይሂድለት። ለጥር 11 ሕዝብ ውስጥ ሊያስገባው ያሰበ ሰው ወራት ቀደም ብሎ ይጀምር።

በኋላ እግሮቹ ይቆማል

ፒያሳ ላይ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ስለሚታይ፣ ይህን ነገር እንደ ጀግንነት የሚያይ ብዙ ነው። በክላሲካሉ ሥርዓት ፈረስ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላ ጉልበቱን አጥፎ እንዲነሳ የሚማረው ከዓመታት ሥልጠና በኋላ ነው፤ ለጋው የሚነሳው ግን የኋላ እግሩን ገትሮ፣ መውጫ ሲያጣ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ተረከዝ «ሂድ» እያለ ዛብ በዚያው ቅጽበት «ቁም» ማለቱ ነው፤ የጀርባና የአፍ ሕመምም ይኖራል። በተነሳበት ሰዓት ዛብ የሳበ ሰው ፈረሱን በራሱ ላይ ሊገለብጠው ስለሚችል፣ ወደ ፊት ተጠግቶ እጁን ይልቀቅ፤ እግሮቹ መሬት ሲነኩ በአንድ ዛብ ወደ ጎን አዙሮ ወደ ፊት ያስኪደው። ከደገመው ጋላቢው ይውረድ፤ አፉና ጀርባው እስኪመረመር ድረስም ኮርቻ አይጫንበት።