አስቸጋሪ ሱዶኩን ያለ ግምት ለመፍታት

ሱዶኩ ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነን ሰንጠረዥ፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየአግድሙ፣ በየቁልቁሉና በየሦስት በሦስት ክፍሉ ሳይደገሙ የሚሞሉበት ጨዋታ ነው። እሱን መለማመድ የጀመረ ሰው እያንዳንዱን ባዶ ቤት እያየ «እዚህ ምን ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀላል ሰንጠረዥም በዚህ ጥያቄ ብቻ ይፈታል። አስቸጋሪው ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ይዘጋበትና አንድ ቁጥር ገምቶ ይጽፋል፤ ብዙ ቤት ከሞላ በኋላ ስሕተቱ ሲገለጥ ግምቱ የት ላይ እንደነበር እንኳ ስለማያስታውስ ሁሉንም በላጲስ ያጠፋል። ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት ዕረፍት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳለማምድ የማየው ይህንኑ ስለሆነ፣ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ ቁጥር የሚጽፍ ተማሪ ምክንያቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። ልማዱ ለጎጃም ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰውም የተቀኘውን ከነአገባቡ እንዲያስረዳ በመምህሩ ይጠየቃልና።

ከዚህ በታች አግድሙን መስመር ረድፍ፣ ቁልቁሉን ዓምድ፣ ሦስት በሦስት የሆነውን ክፍል ሳጥን እላለሁ፤ ረድፍ ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራል። በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ ወይም በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ይተያያሉ። በአንድ ባዶ ቤት ሊገቡ የሚችሉት ቁጥሮች ደግሞ ዕጩዎች ናቸው። በወረቀት የሚሠራ ሰው ሰንጠረዡን በባለ ካሬ ደብተር ላይ 27 በ27 ካሬ አድርጎ ቢገለብጠው ለእያንዳንዱ ቤት ዘጠኝ ካሬ ይደርሰዋል፤ 1 ሁልጊዜ ላይኛው ግራ ጥግ፣ 9 ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ሲጻፍ ዓይን ዕጩዎቹን ሳያነብ ከቦታቸው ብቻ ይለያቸዋል። ዕጩዎቹ ሳይጎድሉ መጻፍ አለባቸው፤ አንድ የተረሳ ዕጩ ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ስልት ሁሉ ወደ ስሕተት ይመራል።

ጥንዶችን፣ ማለትም ሁለት ቤቶችን የሚጋሩ ሁለት ቁጥሮችን፣ ብዙዎች ስለሚያውቋቸው በአጭሩ ልለፋቸው። በአንድ ሳጥን ውስጥ 1 እና 6 ሊገቡ የሚችሉት በሁለት ቤቶች ብቻ ከሆነ፣ በእነዚያ ቤቶች የተጻፉት ሌሎች ዕጩዎች ይሰረዛሉ። እንዲሁም በመጀመሪያው ሳጥን የ4 ዕጩዎች ሁሉ ረድፍ 3 ላይ ካረፉ፣ 4 ከዚያ ረድፍ ቀሪ ስድስት ቤቶች ይወጣል።

ኤክስ ዊንግ የሚባለው ስልት የሚጀምረው እነዚህ ሲያልቁ ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ቤቱን ትተን አንድ ቁጥር እንይዝና በየረድፉ የት የት ሊገባ እንደሚችል እንመለከታለን። 7 በረድፍ 2 ሊገባ የሚችለው ዓምድ 3 እና ዓምድ 8 ላይ ብቻ ነው፤ በረድፍ 6ም እንዲሁ በእነዚሁ ሁለት ዓምዶች ብቻ ነው እንበል። በረድፍ 2 ያለው 7 ዓምድ 3 ላይ ከዋለ የረድፍ 6ቱ ዓምድ 8 ላይ ከመዋል ሌላ ምርጫ የለውም፤ የመጀመሪያው ዓምድ 8 ላይ ከዋለም ሁለተኛው ወደ ዓምድ 3 ይሄዳል። የትኛው እንደሚሆን ገና ባናውቅም፣ በሁለቱም ዓምዶች ያለው የ7 ቦታ በእነዚህ ረድፎች መያዙ ግን የተረጋገጠ ስለሆነ፣ በሁለቱ ዓምዶች ሌሎች ረድፎች ላይ የተጻፈው 7 ሁሉ ይሰረዛል። ሦስት ረድፎችና ሦስት ዓምዶች ሲሆኑ ስሙ ሶርድፊሽ ይባላል፤ አስተሳሰቡ ያው ነው፣ ለማየት ግን በጣም ይከብዳል።

ኤክስ ዋይ ዊንግ ሁለት ሁለት ዕጩ ብቻ በያዙ ሦስት ቤቶች ይሠራል፤ አንዱ መካከለኛ፣ እሱን የሚያዩት ሁለቱ ደግሞ ክንፎች ናቸው። መካከለኛው ቤት ረድፍ 5 ዓምድ 5 ላይ ሆኖ 2 እና 6ን ይያዝ፤ አንደኛው ክንፍ ረድፍ 5 ዓምድ 2 ላይ 2 እና 9ን፣ ሌላው ረድፍ 4 ዓምድ 6 ላይ 6 እና 9ን ይያዝ። መካከለኛው 2 ከሆነ አንደኛው ክንፍ 9 ይሆናል፤ 6 ከሆነ ሁለተኛው 9 ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ክንፎች የሚያይ ማንኛውም ቤት 9 ሊሆን አይችልም፤ በምሳሌያችን እነዚህ በረድፍ 4 ዓምድ 1፣ 2 እና 3፣ በረድፍ 5 ደግሞ ዓምድ 4 እና 6 ላይ ያሉት አምስት ቤቶች ናቸው።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው የምልክት ስልት ነው። ለአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ ለ5፣ በአንድ ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን ሁለት ቦታ ብቻ የቀረበትን ይፈልጉና አንዱን በክብ፣ ሌላውን በሦስት ማዕዘን ያመልክቱ፤ ከእነዚህ አንዱ በሌላ አቅጣጫም እንዲሁ ብቸኛ ተጓዳኝ ካለው፣ ያ ተጓዳኝ ተቃራኒውን ምልክት ያገኛል። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ወይ ክቦቹ በሙሉ 5 ናቸው፣ ወይ ሦስት ማዕዘኖቹ በሙሉ። ሁለት ክቦች የሚተያዩ ከሆነ ክቦቹ ሁሉ ወድቀዋል፤ ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ቤት ክብንም ሦስት ማዕዘንንም ካየ ደግሞ 5 ይሰረዝበታል።

ሰንጠረዡ አንድ መፍትሔ ብቻ እንዳለው የሚያምን ሰው ሌላም መንገድ አለው። በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን ውስጥ ያሉ አራት ቤቶች ሦስቱ 3 እና 8ን ብቻ ይዘው አራተኛው 3፣ 5 እና 8ን ከያዘ፣ አራተኛው 5 ነው፤ አለዚያ 3 እና 8 ቦታ ቢለዋወጡም ሰንጠረዡ ስለሚሠራ መፍትሔው ሁለት ይሆናል። እኔ ይህን በመጨረሻ ነው የምጠቀምበት፣ ምክንያቱም ማስረጃው የሚያርፈው በአዘጋጁ ታማኝነት ላይ ነው። ከጓደኛ ደብተር በእጅ የተገለበጠ ሰንጠረዥ ከሆነ አስቀድሞ የተሰጡትን ቁጥሮች መቁጠር ይገባል፤ የሒሳብ ሊቁ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር እንዳረጋገጡት፣ ከ17 ያነሱ ቁጥሮች የተሰጡበት ሰንጠረዥ ብቸኛ መፍትሔ ሊኖረው አይችልም። የተሰጡት ማነሳቸው ብቻ ግን ክብደትን አያሳይም፤ በ17 ቁጥር የተሠራ ቀላል፣ በ25 የተሠራ እጅግ ከባድ ሰንጠረዥ አለ።

አንድ ዕጩ በተሰረዘ ቁጥር ወደ ቀላሎቹ ስልቶች መመለስ ያስፈልጋል። ሁሉም ሲያልቅ ሁለት ዕጩ ያለውን ቤት፣ ለምሳሌ 1 እና 4 የያዘውን፣ መርጦ 1 ቢሆን ምን እንደሚከተል፣ ከዚያም 4 ቢሆን ምን እንደሚከተል በሌላ ወረቀት ላይ መከታተል ነው። ሁለቱም መንገዶች አንድን ሌላ ቤት 8 ካደረጉት፣ 8 ያለ ጥርጥር ይጻፋል፤ አንዱ መንገድ ከተጋጨም ሌላው እውነት ነው። ከግምት የሚለየው ሁለቱም መንገዶች መታየታቸው ነው። ምንም ካልተገናኙና ካልተጋጩ በዋናው ሰንጠረዥ ላይ አንዳች ሳይጻፍ ሌላ ባለ ሁለት ዕጩ ቤት ይመረጣል።