ላይዳር አየሩን እንዴት ያነባል? ከሌዘሩ ምት እስከ ንባቡ

ላይዳር የሌዘር ብርሃን ወደ ሰማይ ይልካል፤ ከአቧራ፣ ከደመናና ከአየር ሞለኪውሎች ተበትኖ የሚመለሰውን እጅግ ጥቂት ብርሃን ደግሞ በቴሌስኮፕ ይሰበስባል። መላኩ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው የተመለሰውን ማጣራቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥንቃቄ። በብዛት የሚሠራበት የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ሌዘር ዓይን ያጠፋል፤ ያለ መከላከያ መነጽር አይጠጉት። ለአካባቢው የበረራ ተቆጣጣሪዎችም አስቀድመው ያሳውቁ።

ቀጥሎ ጨረሩና ቴሌስኮፑ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ ያስተካክሉ። ጨረሩ ሙሉ በሙሉ ቴሌስኮፑ እይታ ውስጥ የሚገባው ከመሬት ከፍ ካለ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለውን ንባብ አይመኑት።

አሁን ይተኩሱ። ብርሃን በአንድ ማይክሮሰከንድ 300 ሜትር ይጓዛል፤ ጉዞው ግን ደርሶ መልስ ነውና አንድ ማይክሮሰከንድ የ150 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። 67 ማይክሮሰከንድ ያህል ቆይቶ የመጣው ከ10 ኪሎ ሜትር ተመልሷል። አንድ ምት ብቻውን ደካማ ስለሆነ የብዙ ምቶችን አማካይ ይውሰዱ።

ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ከሌዘሩ ምንም ሊመለስበት ከማይችል በጣም ሩቅ ከፍታ የተመዘገበውን ምልክት አይተው አማካዩን ያውጡ፤ እሱ የሰማዩ ብርሃን ነው። ከጠቅላላው ይቀንሱት። ከዚያ በኋላ ብቻ እያንዳንዱን ንባብ በርቀቱ ካሬ ያባዙ፤ የሚመለሰው ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚደክም ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሰማዩ ብርሃን አብሮ ይባዛና ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ከላይ ከላይ ጭጋግ ያለ ይመስላል። ቀን ላይ ይህ ስለሚብስ፣ ለጀማሪ ሌሊት ይሻላል ባይ ነኝ።

ያዩት ንብርብር ምንድን ነው? የሌዘሩ ብርሃን ሞገድ የሚርገበገበው በአንድ አቅጣጫ ነው። ክብ የሆነ የውሃ ጠብታ አቅጣጫውን ብዙም ሳይለውጥ ይመልሰዋል፤ ቅርጸ ብዙው አቧራ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና በረዶ ግን ያዛባዋል። በመጀመሪያው አቅጣጫና ለእሱ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ለየብቻ የሚለካ መቀበያ ካለዎት ንጽጽሩ ይለይልዎታል። በ2010 የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ ኤያፍያትላዮኩትል ፈንድቶ የአውሮፓ በረራ ሲቋረጥ፣ የአህጉሩ ላይዳሮች አመዱን የተከታተሉት በዚህ ዘዴም ጭምር ነው።

መጠኑን በሚሊግራም ለመናገር ግን አይቸኩሉ። ቅንጣቱ ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥና እንደሚበትን መገመት ይጠይቃል። ከናይትሮጅን በ607 ናኖሜትር የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ ራማን ላይዳር ግምቱን ያቃልላል።

ወፍራም ደመና ከመጣ ጨረሩ እዚያው ይዋጣል፤ ከበላዩ ያለውን ከምድር ማየት አይቻልም። ለዚያ ከ2006 እስከ 2023 የሠራችውን፣ ላይዳር የተጫነባትን የካሊፕሶ ሳተላይት መረጃ ይጠቀሙ፤ እሷ የምታየው ከላይ ወደ ታች ነበር።