ብራቪያ 9፣ 8 ወይስ 7፦ ለወሎ ሳሎን ኤልሲዲና ኦሌድ ቲቪ አወዳድሮ መምረጥ

ብራቪያ የሶኒ ቲቪዎች ስም ነው፤ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራ ስክሪን) አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጡት ሦስት ውድ ሞዴሎች 9 እና 7 ኤልሲዲ (ከኋላው መብራት ያለው ስክሪን) ናቸው፤ መሐላቸው የገባው 8 ደግሞ ኦሌድ ነው። በ2025 የተከተሉትም እንደዚያው ተቀላቅለዋል፦ ብራቪያ 5 ኤልሲዲ፣ «8» አጠገብ ሁለት ቋሚ ጭረት ያለበትና ማርክ ቱ የሚባለው ኦሌድ። ስለዚህ «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ብሎ መግዛት አያዋጣም። ሌላ ፋብሪካ ጋ ሲሄዱ ደግሞ የሚያምታታው አንድ ፊደል ነው። የሳምሰንግ ኪውሌድ ኤልሲዲ ነው፣ ኦሌዱ ግን ሌላ ነው፤ አጠራራቸው ስለሚቀራረብ በስልክ ተነጋግሮ ከዱባይ ወይም ከጂዳ የሚያስመጣ ሰው በቀላሉ ያልፈለገው ሊደርሰው ይችላል።

ለዘመድ የሚልኩት ስም ሳይሆን የሞዴል ቁጥር ይሁን። በ2024ቱ ብራቪያዎች «ኤክስአር» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 90 ካለ ብራቪያ 9፣ 80 ካለ 8፣ 70 ካለ 7 ነው፤ ከፊደላቱ በፊት ያለው 55፣ 65 ወይም 75 ደግሞ ኢንቹ ነው። የካርቶኑን ጎንና የቲቪውን ጀርባ ፎቶ አስነስተው ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ይዩ። በዚያው ፎቶ የኤሌክትሪኩን መስመር ያንብቡ፤ 220–240 ወይም 100–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል መሆን አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣ ቲቪ 120 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱን ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ማቃጠል ነው፤ መቀበያውም የአሜሪካን ስርጭት እንዲያነብ የተሠራ ስለሆነ ሁልጊዜ ሪሲቨር ይፈልጋል።

ኤልሲዲ ራሱ አያበራም፤ ከኋላው ያለውን መብራት የሚያሳልፍና የሚከለክል መጋረጃ ነው ማለት ይቻላል። ብራቪያ 9 እና 7 ላይ ያ የኋላ መብራት ሚኒ ሌድ ነው፦ ጥቃቅን መብራቶች በብዙ ክፍል ተከፋፍለው እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ይሁንና 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ላለው ስክሪን የመብራቱ ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ጥቁር ሰማይ ላይ ጨረቃ ስትታይ ዙሪያዋን ጭስ የመሰለ ነጭ ነገር የሚከባት ለዚህ ነው። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል፤ ጥቁሩ የጠፋ ፒክሰል ነው፣ ጭሱም የለም። በአንጻሩ ስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሲሆን ኦሌዱ ኃይሉን ለመቆጠብ ራሱን ደብዘዝ ያደርጋል። ሚኒ ሌዱ ግን ያን ጊዜም ከኦሌዱ ይበልጥ ደማቅ ነው።

ከቲቪው በፊት ሳሎኑን ይዩ

ወሎ ውስጥ ሶፋም ይሁን መጅሊስ ግድግዳውን ዙሪያ ይዞ ነው የሚደረደረው። ቲቪው ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ናቸው፤ ሌላው፣ ቡና አፍይዋን ጨምሮ፣ ከጎን ነው የሚያየው። ስለ ምስሉ የሚነገረው አብዛኛው ነገር መሐል ለተቀመጠው ሰው ነው። ብራቪያ 7ን ከጎን ሲያዩት ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ የሰው ፊት ይነጣል። ብራቪያ 9 ይህን የሚቀንስ ልባስ ተደርጎለታል፤ ዋጋውን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ኦሌዱ 8 ግን ከጎንም ከፊትም አንድ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ግምት ለወሎ ሳሎን ከብሩህነት ቁጥር ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ሻጮች ግን ሲያነሱት አይሰማም።

ቀጥሎ መስኮቱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት፣ መጋረጃ የማይዘጋበት ሳሎን ለሚኒ ሌድ ነው፣ በተለይ ለ9። የማርክ ቱ ኦሌድ ኪውዲ ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ጥቁሩ ትንሽ ሐምራዊ ግራጫ ይመስላል፤ የተራው 8 ጥቁር እንደ ጥቁር ይቆያል። ማታ፣ አምፖሉ ጠፍቶ ወይም በትንሽ መብራት የሚታይበት ቤት ከሆነ ደግሞ ኦሌዱን የሚያህል የለም።

መጠኑን በሜትር ይለኩ። 65 ኢንች ማለት 144 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 81 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው፤ 55 ኢንች 122 በ68፣ 75 ኢንች 166 በ93። ለ65 ኢንች ከ2 እስከ 2.6 ሜትር ጥሩ ርቀት ነው። በዲሽ የሚመጣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቻናል የሚበዛበት ቤት ግን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይበል፤ ትልቅ ስክሪን የቻናሉን ጉድ ያጎላል።

ኦሌድ ከጠፋ በኋላ ሥራ አለበት

ውሳኔውን የሚቆርጠው ይህ ነው። ኦሌድ በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ከታየ በኋላ በሪሞት ሲጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ውስጡ ግን ለጥቂት ደቂቃ ፒክሰሎቹን እየለካ ያስተካክላል። ሲጨርስ ብዙዎቹ ላይ ከጀርባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን የሚያደርገው መብራት ካገኘ ብቻ ነው።

እኛ ጋ ያለውን ልማድ ያስቡት። ማታ ለመተኛት ሲነሡ ስታብላይዘሩን ጠቅ ማድረግ፣ ወይም ሶኬቱን መንቀል። ለኤልሲዲ ምንም አይደለም። ለኦሌድ ግን ማስተካከያው በየቀኑ ይቋረጣል ማለት ነው፤ ወራት ሲደራረቡ የቻናሉ ምልክትና ከታች የሚያልፈው የዜና ጽሑፍ ጥላ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። አንድ ቻናል ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውልበት ቤት ከሆነ ይፈጥናል።

ኦሌድ ከገዙ በሪሞት ያጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደተሰካ ይተዉት፣ ከዚያ መንቀል ካለበት ይንቀሉት። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ 650 ቪኤ ያህል አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ለማስተካከያው ይበቃል፤ ለማየት ሳይሆን ጠፍቶ ሥራውን እንዲጨርስ። ሶኒ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኤክስፐርት ፓኔል ሴቲንግስ በሚለው ሥር ፓኔል ሪፍሬሽ የሚባል ረጅም ማስተካከያም አለ፤ 1 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ጥላ ሲታይ ብቻ፣ በዓመት ከአንዴ ሳይበልጥ ነው የሚሠራው። የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 40 ዲግሪ መሆን አለበት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሳሎን ውስጥ 10 ዲግሪ ላይገኝ ይችላል፤ ቀን ላይ ይሥሩት። «ምስሉ እንዲጠራ» ብሎ በየወሩ መጫን ፓኔሉን ማስረጀት ነው።

ይህን ልማድ ቤተሰቡ ይለውጣል ብለው ካላመኑ ኦሌድ አይግዙ። ሚኒ ሌድ ይግዙ፣ የጎን ተቀማጭ ከበዛ 9ን። ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ላይ ኳስ ለሚያሳይ ካፌ ደግሞ ጥያቄም የለው፤ ውጤቱና ደቂቃው አንድ ጥግ ላይ ተተክሎ ለሚውልበት ስክሪን ኤልሲዲ ነው።

ስታብላይዘር ለሁለቱም ዓይነት ያስፈልጋል። 1,000 ቪኤ ይበቃል፤ ትልቅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የቲቪው ፓወር ሰፕላይ ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ ይችላል፤ የሚገድለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቮልቴጁ ሲያልፍ ይቆርጣል ወይ? መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ነው ወይ የሚለቀው? በክረምት መብረቅ ሲበዛ ሶኬቱን ብቻ ነቅሎ መቀመጥ አይበቃም። የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ ይፍቱ፤ መብረቁ በዲሹ ገብቶ፣ በሪሲቨሩ አልፎ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ቲቪው ውስጥ ይገባል።

ሱቅ ውስጥ

ሱቅ ያለ ቲቪ ሁሉ የሱቅ ሞድ ላይ ነው፤ ቀለሙ የተጋነነ፣ ብርሃኑ እስከ ጥግ የተከፈተ። ሁለቱንም ወደ ሲኒማ ወይም ፕሮፌሽናል አስለውጠው ያወዳድሩ፤ ሻጩ «ደበዘዘ እኮ» ይላል፣ ይበል። የራስዎን ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ በላዩ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁርና በጣም ጠቆር ያለ ግራጫ የሆኑ ስድስት ፎቶዎች፣ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚሄድበት አጭር ቪዲዮ፣ እና ከዲሽ የተቀዳ የኳስ ጨዋታ ይኑር።

ነጩ ጽሑፍ ሲሄድ የሚኒ ሌዱን ጭስ ከጎን ሆነው ይዩ፤ ከፊት ሲያዩት ይደበቃል። ጠቆር ያለው ግራጫ ላይ ኦሌዱ ቀጫጭን ቋሚ መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ ትንሽ ካለ የተለመደ ነው፣ ነጩ ላይ አንድ ጎን ሮዝ ከሆነ ግን ሌላ ካርቶን ያስከፍቱ። ቀዩና ግራጫው ያገለገለ ኦሌድ የሚፈተንበት ነው፤ የቻናል ምልክት ጥላ ካለ እዚያ ይወጣል፣ እሱን ደግሞ በምንም ዋጋ አይግዙ። የኳሱ ቪዲዮ ሳሩ ላይ ኳሷ ጭራ ታበቅላለች ወይ የሚለውን ይመልሳል።

ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ አንድ ነገር ይወቁ፦ እነዚህ ብራቪያዎች አራት ኤችዲኤምአይ አላቸው፣ በ120 ኸርዝ 4ኬ የሚቀበሉት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሳውንድ ባር የሚሰካውም ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው።

ማጓጓዝና ማቆም

ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካርቶኑ መንገዱን ሁሉ እንደቆመ ይምጣ። አውቶቡስ ላይ ጠፍጣፋ አስተኝቶ ሻንጣ መደራረብ ኦሌዱን ከሥር ሳይታይ ይሰነጥቀዋል፤ የላይኛው ግማሹ በጣም ስስ ነው። ሲያወጡት ሁለት ሰው ከታችኛው ጠርዝ ይያዙት፣ ጣት ስክሪኑ ላይ አይረፍ። ሌሊቱን ደሴ ብርድ ላይ ያደረ ቲቪ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሲወርድ ውስጡ ላብ ስለሚይዝ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ 3 ሰዓት ሳይቆይ አይሰካ።

የጭቃ ግድግዳ ላይ በፊሸር ብቻ አይስቀሉ። ባለ 65 ኢንቹ እንደ ሞዴሉ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ ጭቃው ሲደርቅ ቀዳዳው ይላላል። ወይ ቋሚውን እንጨት አግኝተው ብሎኑን እሱ ላይ ያጥብቁ፣ ወይ ጠረጴዛ ላይ ያቁሙት።

ሲከፍቱት መጀመሪያ የሱቅ ሞዱ (ሾፕ ሞድ) ጠፍቶ እንደሆነ ይዩ። በዲሽ ለሚመጣ ቻናል ሁለቱን የኖይዝ ሪዳክሽን (የምስል ብጥብጥ መቀነሻ) ምርጫዎች መካከለኛ ያድርጉ፤ ኦሌድ ጨለማ ትዕይንት ላይ ያለውን የምስል መሰባበር አጉልቶ ስለሚያሳይ እዚያ ላይ ይበልጥ ይጠቅማል። በኦሌዱ ፒክሰል ሺፍት (ጥላ እንዳይቀር ምስሉን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅሰው) እንደበራ ይቆይ፤ በሚኒ ሌዱ ኦቶ ሎካል ዲሚንግ (የኋላ መብራቱን በየክፍሉ የሚያደበዝዘው) ሃይ ላይ ይሁን። 4ኬ ፊልም በኢንተርኔት ለማየት 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ የሚያዩት 4ኬ አይደለም።

ረከቦቱና የከሰል ማንደጃው ከቲቪው ሥር ይራቁ፣ 1.5 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የዕጣኑ ጭስ ስክሪኑ ላይ ስስ ቅባት ያበጃል፤ በተለይ የ9ኙን ማንጸባረቅ የሚቀንስ ልባስ ያደበዝዘዋል። ቲቪው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ካልለቀቀ ጨርቁን በንጹሕ ውኃ ጠብ አድርገው ጨምቀው። አልኮልና የመስታወት ማጽጃ ግን ልባሱን ይልጡታል።