ርካሽ ፕራይም ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደሚፈተሽ

ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ቀን ቀን ደህና ነው። የሚቸገረው ጨለም ያለ ክፍል ስትገቡ ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ብዙው ደስ የሚል ፎቶ ያለው እዚያ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ጓዳ፣ የሰርግ ዋዜማ፣ ዝናብ የጠቆረበት የክረምት ከሰዓት። የብዙው ኪት ሌንስ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ዙሙ ጫፍ ላይ 5.6 ነው። ባለ 1.8 ፕራይም፣ ማለትም ዙም የሌለው ሌንስ፣ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በኪቱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 6400 የጠየቀ ፎቶ በ1.8 ወደ 640 ይወርዳል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም።

የካኖን አርኤፍ 50 ሚሊሜትር 1.8፣ የኒኮን ዜድ 40 ሚሊሜትር 2፣ የሶኒ 50 ሚሊሜትር 1.8፣ እንዲሁም ቪልትሮክስ፣ ቲቲአርቲሳን፣ ዮንግኑኦ የሚባሉት የቻይና ሌንሶች በዚህ መደብ ይገባሉ። ርካሽ መሆናቸው አያስፈራችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ግምገማ ስለ ሞዴሉ ነው፤ እናንተ የምትገዙት አንዷን ፍሬ ነው። አንድ ሞዴል ሆኖም አንዱ ፍሬ ጥርት ያለ፣ ሌላው ግን አንድ ጎኑ ብዥ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእጃችሁን ፍሬ ራሳችሁ ፈትሹ።

መጀመሪያ የሚሊሜትሩን ነገር ጨርሱ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሌንሱ አቅርቦና አጥብቦ ያያል። ካሜራችሁ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ካለው 50 ሚሊሜትር እንደ 75 ሆኖ ያያል፤ ካኖን ላይ እንደ 80። ለፖርትሬት ግሩም ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ቡና የምታፈላዋና ረከቦቱ አንድ ላይ አይገቡላችሁም። ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ 30 ወይም 35 ሚሊሜትር ፈልጉ። ምን ያህል መጠጋት እንደሚፈቅድም ጠይቁ። የካኖኑ 50 እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ይጠጋል፤ የሶኒው 50 ግን 45 ሳንቲሜትር ላይ ያቆማል። ሲኒ ወይም የቀላ የቡና ፍሬ ለማንሳት ይህ ልዩነት ይታወቃችኋል።

ቀጥሎ በዓይን ማየት ነው። ያገለገለ ሌንስ ከሆነ የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብሩና ከፊት እዩ። ትንሽ አቧራ ምንም አያደርግም፤ እሱን ምክንያት አድርጎ ጥሩ ሌንስ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። የምትፈልጉት ሻጋታ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ክሮች። ጅማ እርጥበታም ናት፤ ክረምቱን በቦርሳ የከረመ ሌንስ በቀላሉ ይሻግታል። ላዩ አዲስ የሚመስል ሆኖ መብራት ሲበራበት ውስጡ ድር ያደራበት ሌንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ አዲስ ነው እኮ» ቢላችሁም አብሩበት። ክር ካያችሁ በቅናሽም አትውሰዱት። ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበትን ጥርስ ፈትሹ፣ የፎከስ ቀለበቱን አዙሩ፤ ይህ ደቂቃ አይፈጅም።

ካሜራው ላይ ግጠሙት። ፊቱ ላይ ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ለጥበቃ የሚገጠም መስታወት) ካለ አውልቁት፤ የፊልተሩ ነጸብራቅ የሌንሱ ጥፋት ይመስላል። ለጥበቃ ከሆነ ከእሱ ይልቅ ሁድ፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠመው ጥላ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት የሌለው፣ ፎከሱ በእጅ የሚደረግ የማኑዋል ሌንስ ከሆነ ካሜራው አላነሳም ሊል ይችላል፤ ሜኑ ውስጥ ሌንስ ሳይኖርም እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ክፈቱ።

አሁን ዋናው ፈተና። ብዙ ሰው መሃሉን ብቻ ያያል። መሃል ላይ ሁሉም ሌንስ ማለት ይቻላል ደህና ነው። የርካሽ ሌንስ በሽታ የሚታየው ጥጎቹ ላይ ነው። ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ትንሽ ከተዛነፈ አንዱ ጥግ ብዥ ይላል፣ ሌላው ጥርት ይላል። ይህን በሶፍትዌር ማስተካከል አይቻልም፤ አፐርቸሩን ማጥበብም ይቀንሰዋል እንጂ አያድነውም።

ለዚህ ፈተና ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ላይ ስትቆሙ ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ሩቅ ያለ አንድ ሕንፃ ወይም ጠርዙ የጎላ የቆርቆሮ ጣሪያ ምረጡ። በጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ካጋለችው አየሩ ይርገበገብና ጥሩውም ሌንስ መጥፎ ይመስላል። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱት፣ 1.8 ላይ። ያንኑ ጣሪያ መጀመሪያ መሃል አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ የፎከስ ነጥቡን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ውሰዱ፣ ካሜራውን አዙራችሁ ጣሪያውን እዚያ ጥግ አስገቡ፣ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ። የቀሩትን ሦስት ጥጎችም እንዲሁ። በየጥጉ እንደገና ፎከስ ማድረግ ግድ ነው። አንዳንድ ሌንስ ፎከሱ መሃልና ጠርዝ ላይ በተለያየ ርቀት ስለሚያርፍ ሳይዛነፍ የተዛነፈ ይመስላችኋል። በቀን ብርሃን 1.8 ላይ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባው መዝጊያ) በጣም ፈጣን ስለሚሆን ትሪፖድ አያስፈልግም።

አምስቱን ፎቶዎች አጉልታችሁ አስተያዩ። አራቱም ጥግ ከመሃሉ ትንሽ ቢለሰልስ ችግር የለም፤ የዚህ ዋጋ ሌንስ ጠባዩ ነው፤ 2.8 ወይም 4 ላይ አብዛኛው ይጠራል። አንዱ ጥግ ብቻውን ከሌሎቹ በግልጽ የባሰ ከሆነ ግን ፍሬው የተዛነፈ ነው። መልሱት።

ጅሬን መውጣት ካልተመቻችሁ የሸክላ ጡብ ግድግዳ ይሠራል፤ ግን አንድ ችግር አለው። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትክክል ፊት ለፊት ካልሆነ አንዱ ጎን በእናንተ አቋቋም የተነሳ ብዥ ይላል። መለያው ቀላል ነው። መሃል ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ፤ ከቦታችሁ ሳትንቀሳቀሱ ካሜራውን ገልብጡና ድገሙት። ብዥታው ያንኑ የግድግዳ ጎን ካልለቀቀ ጥፋቱ የአቋቋም ነው። ወደ ሌላኛው ጎን ከዞረ የሌንሱ ነው። ሻጩ ተቻኮሉ ቢላችሁም ይህን ሳታደርጉ ብር አትክፈሉ። ሌንሱ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚላክላችሁ ከሆነም፣ ካልሆነ ትመልሱት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሻጭን በኋላ ማሳመን ከባድ ነው።

ቤት ስትመለሱ ፎከሱን ሞክሩ። አምፖል ብቻ በበራበት ክፍል አንድ ሰው ወደ እናንተ ቀስ ብሎ ይምጣ፤ ካሜራው ዓይን ፈልጎ የሚያደርገውን የዓይን ፎከስ ከፍታችሁ ተከታታይ አንሱ። አብዛኛው ፎቶ ዓይኑ ላይ ጥርት ካለ በቂ ነው። ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ የሞተሩን ድምፅ ስሙት፤ የሶኒው 50 በጫጫታው የታወቀ ነው። በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ካያችሁ ሌንሱን አትክሰሱ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የቀለም ጠርዙን ለማየት ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ነጠላ ወይም በሰማይ ፊት ያለ የዛፍ ቅጠል 1.8 ላይ አንሱ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሐምራዊ ቢታይ ይታለፋል፤ በሶፍትዌር ይነሳል። የሰርግ ልብስ ለምታነሱ ግን ብዙ ከሆነ ሥራ ይበዛባችኋል። የጥጎቹ ጨለም ማለትና የመስመር መጉበጥ አያስጨንቃችሁ፤ ሌንሱን የሚያውቅ ካሜራ አብዛኛውን ራሱ ያስተካክላል።

ገዝታችሁ ስታበቁ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታስቀምጡት። ጥብቅ ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ግዙና እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ክተቱት። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ሲሊካ ይሻላል፤ እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ ሲለወጥ በለሰለሰ እሳት አድርቃችሁ መልሱት።