ካቴና ስትገዛ የሞተርህን ስም አትጥራ

የሞተር ሳይክልን የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ነገር ካቴና በለው፣ ቼን በለው፣ ሰንሰለት በለው። መለዋወጫ ሱቅ ገብተህ «የ110 ሞተር ካቴና ስጠኝ» ካልክ ገና ከበሩ ተሳስተሃል። እኔ እንዲያ ብዬ ነው የተበላሁት።

የመጀመሪያዋ ሞተሬ 110 ሲሲ ነበረች፣ ሦስተኛ እጅ። ካቴናዋ ሲያልቅ ባለሱቁ አንዱን ከመስቀያው አወረደና «ይኸው፣ ይሆናል» አለኝ። ገጠምኩት፣ ገባ። አዞርኩት፣ ዞረ። ደስ ብሎኝ አጎቴን ከኋላ ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ዳገት ታውቀዋለህ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ጉም ከወረደበት ደግሞ የፊት መብራት ምንም አያሳይህም። ዳገቱ መሃል ላይ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሞተሩ ይጮሃል፣ እኛ ግን አንሄድም። «ውረዱ ጋሼ» አልኳቸው። ካቴናው ከኋላው ስፕሮኬት፣ ማለትም ካቴናው ከሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ብረት፣ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «በእግሬ ብመጣ እስካሁን በረካውን ጠጥቼ ነበር» አሉኝ። ተጋነነ እንጂ ስሜታቸው ገብቶኛል። ካቴናው ወጥቶ የኋላውን ጎማ ቢቆልፈው ኖሮ ቡናውም ይቀር ነበር።

ስህተቱ ምን ነበር? ሞተሬ የምትፈልገው 420 ነው፣ የተሸጠልኝ 428። ቁጥሩን እንዲህ ያዘው። የመጀመሪያው አኃዝ ከአንዱ ፒን (የካቴናውን ብረቶች የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለውን ርቀት ይነግርሃል። 4 ከሆነ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ 5 ከሆነ ወደ 15.9። የቀሩት ሁለት አኃዞች የውስጥ ስፋቱ ናቸው፣ የስፕሮኬቱ ጥርስ የሚገባበት ክፍተት ማለት ነው። 20 ሲል 6.35 ሚሊ ሜትር፣ 28 ሲል 7.9 ገደማ። ወጥመዱን አየኸው? የ420 እና የ428 የፒን ርቀት አንድ ነው። ስለዚህ ሰፊው 428 በቀጭኑ ስፕሮኬት ላይ ያለ ጣጣ ይቀመጥና ግራና ቀኝ ሲዋልል ከርሞ ጭነት ሲበዛበት ይወጣል። 420ውን በ428 ስፕሮኬት ልግጠም ብትል ግን አይገባም፣ ይኼኛው እንኳን እዚያው ሱቅ በር ላይ ይነግርሃል። 520 ደግሞ ርቀቱም ስለሚለይ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም።

ቁጥሩ ያለው እዚያው አሮጌው ካቴና ላይ ነው። በላምባ እጠበው፣ በጨርቅ ጥረገው፣ የጎን ብረቶቹን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ፣ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። ከቁጥሩ ኋላ «ኤች» (H) የሚል ፊደል ካለው የጎን ብረቱ ወፈር ያለ ነው ማለት ነው። 428 እና 428ኤች አንድ ስፕሮኬት ላይ ይገባሉ፤ አንተ ደግሞ ሰው ጭነህ፣ ኩንታል አስረህ ዳገት የምትወጣ ከሆንክ ኤች ያለውን ውሰድ። በብር ልዩነቱ አትከራከር።

ቀጥሎ ርዝመቱ። አንዱን ፒን በጠመኔ ምልክት አድርግና ዙሩን እስክትጨርስ ፒኖቹን ቁጠር፤ የመቆለፊያውን፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘውን ቁራጭ፣ ሁለት ፒኖችም እንዳትረሳ። ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል መሆን አለበት፣ ጎዶሎ ከወጣልህ ተሳስተሃልና ድገም። ካርቶኑ ላይ 118 ወይም 120 ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ነው። የአንተን ልክ ካጣህ ረዘም ያለውን ግዛ፣ ትርፉ ይቆረጣል። አጭሩን ለመቀጠል ግን አትሞክር። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ዘርግቶ በዓይን ማስተያየት አያዋጣም፣ አሮጌው በመበላቱ ረዝሟልና።

ሰዉ «ካቴናው ተለጠጠ» ይላል። ብረቱ አልተለጠጠም፤ ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ ተበልተው ነው። 420 ወይም 428 ከሆነ ወጠር አድርገህ 21 ፒን ቁጠርና ከመጀመሪያው መሃል እስከ መጨረሻው መሃል ለካ። አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አልቋል። ሜትር ከሌለህ ካቴናውን ከኋላው ስፕሮኬት ጀርባ ላይ በጣትህ ሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ አትመራመር፣ ቀይረው።

ስትቀይር ግን ሦስቱንም ቀይር፦ ካቴናውን፣ የፊቱን ትንሽ ስፕሮኬት፣ የኋላውን ትልቅ። አውቃለሁ፣ ኪስ ይጎዳል። ግን ጥርሱ እንደ ዓሣ መንጠቆ በተቆለመመ ስፕሮኬት ላይ አዲስ ካቴና መጫን፣ ካቴናውን ገና ሳይለመድ ማሳረድ ነው። የጥርስ ቁጥሩም ስፕሮኬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ካልተጻፈ ቁጠረው። ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት ለዳገት ብሎ ቀይሮት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሞተሩ ስም ብቻ አትመን።

እግረ መንገዴን፣ ዳገት የሚያስቸግርህ ከሆነ የፊቱን አንድ ጥርስ መቀነስ ይረዳል። የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ከነበረ የፊቱ 3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ፊቱን 13 ብታደርገው 3.23 ይሆናል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ወደ 8 በመቶ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሜዳ ለሚነዳ ሰው አልመክረውም። ደሴ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ለሚውል ግን ግሩም ነው።

ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን ተወውና ብረቱን እይ። ኦሪጅናል የሚል ጽሑፍ ማንም ያሳትማል። ቁጥሩ በብረቱ ላይ በግልጽ መቀረጹን፣ የፒኖቹ ጫፍ እኩል መጠፍጠፉን፣ ትንንሾቹ ሮለሮች በጣትህ ስታዞራቸው መዞራቸውን አረጋግጥ። ከዚያ ካቴናውን በጎኑ አድርገህ አንዱን ጫፍ ይዘህ ዘርጋው። አዲስ ካቴና ትንሽ ይጎብጣል፣ እንደ ረጠበ ገመድ ከወደቀ ግን መልስለት። ባለሱቁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ፒኖቹ አጠገብ የላስቲክ ቀለበት ያለው ዓይነትም አለ። ግራሶው ውስጡ ታሽጎ ስለሚቆይ በአቧራና በጭቃ መንገድ የበለጠ ዕድሜ አለው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ወርዱ ስለሚሰፋ ሞተርህ ላይ የትም እንደማይነካ ሳታይ አትክፈል። ይህን በቤንዚን አትጠበው፣ ላስቲኩን ይበላዋል። ላምባ ይበቃዋል።

ስትገጥም የመቆለፊያው ክሊፕ ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም እንጨት ሲመታው ተፈናጥሮ ይሄዳል። አሮጌውን ክሊፕ ለአዲሱ ካቴና መጠቀም ደግሞ ስስት ነው። የኋላውን ጎማ ዳዶ ስታጠብቅ ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ። የታችኛውን ካቴና መሃሉ ላይ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ፤ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላላል፣ የሞተርህ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስማ። ጎማውን እያዞርክ ብዙ ቦታ ላይ ለካ፣ በጣም የወጠረበትን ቦታ ይዘህ አስተካክል። ሰው ሲቀመጥበት ይበልጥ ይወጥራልና «ጠበቅ ይበል» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ የፊቱን ስፕሮኬት ኩሽኔታ ማን እንደሚከፍል ጠይቀው።

የምትቀባው ዘይት ሰማንያ ዘጠና የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ይሁን። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት ካቴናውን ይፈጨዋል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታህም በዚያው ቀን ቀባ አድርገው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ። ሞተር አስነስቶ ካቴና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ጣቱን የማይፈልግ ነው።

አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል፣ ስለዚህ ገጥመህ ጥቂት ቀን ከነዳህ በኋላ እንደገና ለካው። የቆረጥከውን ትርፍ ቁራጭም አትጣለው። ከሁለት መለዋወጫ መቆለፊያ ጋር በላስቲክ ጠቅልለህ ወንበሩ ሥር አስቀምጠው፤ ሰኞ ለባቲ ገበያ ወርደህ መንገድ ላይ ቢበጠስብህ፣ አንድ ፒንሳ ካለህ እዚያው ልትቀጥለው ትችል ይሆናል።