የድሮ ቤዝቦል ተጫዋች መዝገብ እንዴት ይነበባል? ከባዶው ቦታ ጀምሩ

ሙያዬ ሒሳብ መመርመር ነው። ሰው መዝገብ ሲያመጣልኝ ቀድሜ የምፈልገው የተጻፈውን ሳይሆን መኖር ሲገባው የሌለውን ነው። የአሜሪካን ቤዝቦል የወደድኩትም በዚሁ በኩል ነው። የጨዋታውን ሕግ በቅጡ ሳላውቅ ቁጥሩ ያዘኝ። ከመቶ ዓመት በላይ የተመታውም የተሳተውም ተጽፎ ተቀምጧል። ጥቁር ተጫዋቾችን ያገደው አጥርም እዚያው ውስጥ አለ። "ዘር" የሚል ዓምድ ግን አታገኙም። ስለዚህ በዘዴ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ላይ የአንድ ተጫዋች ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቀንሱ። ሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛው ሊግ) ከገባበት ቀን ላይ የልደቱን ቀን ማንሳት ነው። ያንን አጥር የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ጃንዋሪ 31 ቀን 1919 ተወለደ። ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ነው። 28 ዓመት ሆነው ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም። አጠገቡ እኩያውን አስቀምጡና እዩ። ቴድ ዊሊያምስ የተወለደው ከሮቢንሰን አምስት ወር ቀድሞ ነው። ለቦስተን ሬድ ሶክስ መጫወት የጀመረው በ1939፣ በ20 ዓመቱ። የጦርነቱን ዓመታት ለሁለቱም እንተውላቸው፤ ሁለቱም ወታደር ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ሮቢንሰን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት ዊሊያምስ አምስት ሙሉ የውድድር ዓመት በኪሱ ይዟል። አንደኛው ነጭ፣ አንደኛው ጥቁር ነው። ሌላ ምክንያት ብትፈልጉ አታገኙም።

ቀጥሎ በባዶው ጊዜ ሰውየው የት እንደነበር አጣሩ። ባዶ ማለት ሥራ ፈት ማለት አይደለም። ሮቢንሰን ዩሲኤልኤ በአራት ስፖርት ተጫውቷል። ከዚያ ጦር ሠራዊት ገባ። በ1944 ከአውቶቡስ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተከሰሰና ነጻ ወጣ። በ1945 የጥቁሮች ክለብ በሆነው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ሬድ ሶክስ እሱን፣ ሳም ጄትሮንና ማርቪን ዊሊያምስን ፌንዌይ ፓርክ ጠርቶ ለስሙ ፈተናቸው። ማንንም አልወሰደም። ሬድ ሶክስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ፓምፕሲ ግሪንን፣ ያሰለፈው በ1959 ነው፤ ከሁሉም ክለቦች መጨረሻ። ሮቢንሰን ያኔ ጨዋታ አቁሞ ነበር። ጄትሮስ? በ1950 ለሌላኛው የቦስተን ክለብ፣ ለብሬቭስ፣ ገብቶ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ዕድሜው 33 ነበር። የ33 ዓመት "ጀማሪ" ስታዩ እስክሪብቶ አንሱና አስምሩበት።

ከዚህ የባሰም አለ። ሳቸል ፔጅ፣ ያ ዝነኛ ኳስ ወርዋሪ፣ በ1948 ክሊቭላንድ ሲያሰልፈው ገና 42 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር። በዚያ ዓመት ስድስት አሸንፎ አንድ ተሸነፈ። በ25 ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ምን ይሠራ እንደነበር ገምቱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ የመጀመሪያው ዓመት መስመር። የወንድሜ ልጅ የላሪ ዶቢን ሰንጠረዥ ከፍቶ፣ "አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አይችልም!" አለኝ። እውነትም የ1947 ቁጥሩ ያስቃል። ለመምታት 32 ጊዜ ቆሞ 5 ብቻ መታ። 5ን ለ32 ስታካፍሉ 0.156 ይመጣል፤ ጥሩ መቺ የሚባለው 0.300 ሲደርስ ነው።

"ቸኩለህ አትፍረድ፣ የሚቀጥለውን መስመር አንብብ" አልኩት።

1948፦ 0.301፣ 14 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የወጣ ምት)፣ ክሊቭላንድም ሻምፒዮን። እና በመካከሉ ምን ሆነ? ቀኑን እዩ። ዶቢ ጁላይ 4 ቀን በጥቁሮቹ ሊግ ለኒውዋርክ ኢግልስ ተጫወተ። በማግስቱ ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ለክሊቭላንድ ተሰለፈ። ሮቢንሰን ከዶጀርስ በታች ባለው ክለብ፣ ሞንትሪያል ላይ፣ አንድ ዓመት ተለማምዶ ነው የገባው፤ ዶቢ አንድ ሌሊት ብቻ ነበረው። አንዳንድ የቡድን ጓደኞቹ ሊጨብጡት እንኳ አልፈለጉም። ቦታውም ተይዞ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ በሰው ምትክ እየገባ ነው የመታው። ስለዚህ 29 ጨዋታ ብቻ ያለው መስመር ስታገኙ ችሎታ አትመዝኑበት። ሰውየው እንዴት እንደገባ ነው የሚነግራችሁ።

የኒግሮ ሊግ፣ ማለትም የጥቁሮቹ ሊጎች፣ ሰንጠረዦች ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። ሩብ ፎስተር የመጀመሪያውን ጠንካራ ሊግ በ1920 ካንሳስ ሲቲ ላይ አቋቋመ። ሜጀር ሊግ ግን እነዚህን ሊጎች እንደ እኩያው የቆጠራቸው በ2020 መጨረሻ ነው። ቁጥራቸውንም ከዋናው መዝገብ ጋር የቀላቀለው በ2024። አንድ መቶ ዓመት የዘገየ የሒሳብ ማስተካከያ! እኔ ብሆን ባለሒሳቡን አባርረው ነበር።

እዚህ ላይ ጆሽ ጊብሰንን ውሰዱ። የዝና አዳራሽ ሰሌዳው ወደ 800 የሚጠጋ ሆም ረን መታ ይላል። ይፋዊው ሰንጠረዥ ላይ ግን ከ200 በታች ነው። የትኛው ዋሸ? ሁለቱም አልዋሹም። የጥቁር ክለቦች በሊግ ጨዋታ ብቻ አይኖሩም ነበር። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያገኙትን ቡድን ይገጥማሉ፤ ደመወዝ የሚሞላው በዚያ ነው። እነዚያ ጨዋታዎች በይፋዊው መዝገብ አይቆጠሩም፤ ብዙዎቹም በወጉ አልተመዘገቡም። በሊግ የሚቆጠረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ100 ጨዋታ በታች ነው፤ ነጮቹ 154 ይጫወታሉ። ስለዚህ ለኒግሮ ሊግ ተጫዋች ድምሩን ትታችሁ ምጣኔውን (የመታው ለመምታት ለቆመበት ጊዜ ሲካፈል) አንብቡ። የጊብሰን የዕድሜ ልክ ምጣኔ 0.372 ነው። ለዘመናት አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ 0.367 ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አጭር ዓመት ቁጥሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ያጋንናል። ጊብሰን በ1943 ያስመዘገበው 0.466 የሚያስደንቅ ነው፤ ከ154 ጨዋታ ምጣኔ ጋር እኩል ቁጭ ማድረግ ግን ትክክል አይመስለኝም። የዕድሜ ልኩ ይበልጥ ይታመናል። ጊብሰን በ35 ዓመቱ ጃንዋሪ 1947 ሞተ፤ ሮቢንሰን ሊሰለፍ ሦስት ወር ሲቀረው። የሜጀር ሊግ ክለብ ስም በሰንጠረዡ ላይ አንድም የለም።

ሁለት ትንንሽ ዓምዶችም አትዝለሉ። አንደኛው በኳስ የተመታበት ነው። ሮቢንሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 9 ጊዜ ተመትቷል። ሁሉም ሆን ተብሎ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን አጠገቡ ያለውን የተሰረቀ ቤዝ (ምት ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጦ የደረሰበት) ዓምድ እዩ፤ 29፣ የሊጉ አንደኛ። ተመትቶ ቤዝ ላይ የቆመ ሰው የሚቀጥለውን ይሰርቃል። ሁለተኛው የመጫወቻ ቦታ ነው። ሞናርክስ ላይ ሾርትስቶፕ፣ ሞንትሪያል ሁለተኛ ቤዝ፣ ብሩክሊን አንደኛ ቤዝ። ያ ሁሉ ዓይን እያየው ሥራውንም እንደ አዲስ ይማር ነበር።

ቁጥር የማይዘው ግን አለ። በ1946 ፍሎሪዳ ላይ፣ ከውድድሩ በፊት በነበረው ልምምድ፣ ሮቢንሰን ከቡድኑ ጋር አንድ ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም ነበር። ያን ዓመት ሞንትሪያል ላይ 0.349 መታ። የት እያደረ እንደመታው ለማወቅ ወደ ጥቁሮቹ ጋዜጦች ሂዱ። በተለይ የፒትስበርግ ኩሪየሩን ዌንደል ስሚዝ አንብቡ። አብሮት ይጓዝ ነበር፤ እሱንም ጋዜጠኞች የሚቀመጡበት ክፍል አያስገቡትም ነበርና ከተመልካች መሐል ሆኖ ይጽፍ ነበር።

ለመለማመጃ ሞንቲ ኢርቪንን ውሰዱ። ከሮቢንሰን በ25 ቀን ያንሳል። ኒውዋርክ ኢግልስ ላይ ኮከብ ነበር። ለኒውዮርክ ጃያንትስ የተሰለፈው ጁላይ 1949 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ 121 ነጥብ አስገብቶ ሊጉን መራ። ልደቱ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1919። ቅነሳውን እናንተ ሥሩ።